ለኃይለኛ አውቶሞቢል ስለሚሆን ጎማ አመራረጥ

ፈረስ የሚያውቅ ሰው ፈረስ ሊገዛ በሄደ ጊዜ፣ ከአንገቱ ማማርና ከጋማው መርዘም አስቀድሞ ሰኮናውን አንሥቶ ይመለከታል፤ ሰኮናው የታመመ ፈረስ ምንም ቢፈጥን ጌታውን ከገደል እንጂ ከቤቱ አያደርስምና። ዛሬ አውቶሞቢል የሚገዛው ሰው ግን ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ቀለሙና ስለ መቀመጫው ቆዳ ሲጠይቅ ይውልና፣ የአውቶሞቢሉ ሰኮና ስለ ሆነው ስለ ጎማው ሳይጠይቅ ይመለሳል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ጎማ ጥቂት ልንጽፍ አሰብን።

ለመጻፍ ያነሣሣን ከአንባቢዎቻችን አንዱ የላኩልን ጥያቄ ነው። ልጃቸው በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ይኖራል፤ ከ400 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው ፎርድ ሙስታንግ ገዝቷል። አሁን ደግሞ ለእሽቅድምድም የቀረበ፣ መንገዱን አጥብቆ የሚይዝ ጎማ ለመግዛት ገንዘብ እንዲረዱት ለመናቸው። እሳቸውም «ይህ ጎማ ልጄን የሚጠብቀው ነውን? ወይስ የሚያስደፍረው?» ሲሉ ጽፈውልናል። ጥያቄው የአባት ጥያቄ ነው፤ መልሱም በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። የኛ ምክር በአጭሩ ቢነገር፣ ጎማ የሚመረጠው ለመልካም ቀን ሳይሆን ለክፉ ቀን ነው የሚል ይሆናል። ምክንያቱን ከዚህ ቀጥለን እንገልጣለን።

አንድ ጎማ ከምድር ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ከሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። እንግዲህ አውቶሞቢሉ 400 ወይም 600 የፈረስ ጉልበት ቢኖረው፣ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ምድር የሚወርደው በአራት መዳፍ በሚያህል ጎማ ብቻ ነው። ፍሬን ሲያዝ የሚያቆመው፣ በመታጠፊያም ከመንገዱ እንዳይወጣ የሚያደርገው ይኸው ነው። በዛሬ አውቶሞቢሎች ላይ መንኰራኵሩ በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚከላከሉ፣ ሲንሸራተትም የሚያቃኑ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች አሉ። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ጎማው ያለውን ኃይል በመልካም ያዝዙ እንደ ሆነ እንጂ፣ ጎማው የሌለውን ኃይል ሊፈጥሩለት አይችሉም።

የአሜሪካ ሕግ ለመንገድ በሚሠራው የበጋ ጎማ ጎን ላይ ሦስት ምልክቶች እንዲጻፉ ያዛል። ፊተኛው ጎማው የሚቈይበትን ዘመን የሚያመለክት ቍጥር ነው። ፈተናው የሚደረገው በምዕራብ ቴክሳስ፣ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያ ባለው መንገድ ላይ ነው። ጎማው 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ፣ ያለቀው ጥርስ ተለክቶ 100 ከተባለው መለኪያ ጎማ ጋር ይነጻጸራል። 200 የተባለው ጎማ የመለኪያውን እጥፍ ይቈያል ማለት ነው። ለቤተ ሰብ አውቶሞቢል የሚሠራው ጎማ ብዙውን ጊዜ 500ና ከዚያም በላይ ነው። ለኃይለኛ አውቶሞቢል ከሚሠሩት ውስጥ ግን ሚሼሊን ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ 300፣ ብሪጅስቶን ፖቴንዛ አር ኢ 71 አር ኤስ 200፣ ቶዮ ፕሮክሴስ አር 888 አር ደግሞ 100 ተብሏል። ለስላሳው ጎማ ምድርን አጥብቆ ይይዛል፤ ቶሎም ያልቃል። ጠንካራው ብዙ ዘመን ይኖራል፤ በመያዝ ግን ያንሳል።

ይሁን እንጂ ይህን ቍጥር እንደ ፍርድ ቃል መቀበል አይገባም። ቍጥሩን የሚሰጠው ራሱ ፋብሪካው ነውና። ደግሞም በአሜሪካ የስፖርት አውቶሞቢል ክበብ ውስጥ በመንገድ ጎማ በሚደረገው ውድድር፣ ከ200 ያነሰ ጎማ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ አለ። በዚህ ምክንያት ፋብሪካዎቹ ለውድድር ብቻ የታሰበውን ጎማ 200 የሚል ቍጥር አስይዘው ያወጡታል። ስለዚህ 200 የተባሉ ሁለት ጎማዎች በጠባያቸው እጅግ ሊለያዩ ይችላሉ።

ሁለተኛው ምልክት ከኤ ኤ እስከ ሲ በሚደርሱ የላቲን ፊደላት የሚጻፍ ሲሆን፣ በእርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ የመቆምን ችሎታ ያሳያል። ስለ መታጠፊያ ግን አንዳች አይናገርም። ሦስተኛው ጎማው ሙቀትን የሚችልበትን ደረጃ ያመለክታል። ከነዚህ ሌላ ከጎማው መጠን አጠገብ የፍጥነቱን ወሰን የሚገልጥ ፊደል አለ። ቪ በሰዓት 240፣ ደብልዩ 270፣ ዋይ 300 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የአውቶሞቢሉ ፋብሪካ ካዘዘው ፊደል በታች የሆነውን ጎማ ስለ ርካሽነቱ ብሎ መግዛት ከዕዳ በቀር ጥቅም የለውም።

አሁን ወደ ክፉው ቀን እንመለስ። የክፉ ቀን መልኩ ሦስት ነው፤ ብርድ፣ ውኃና እርጅና።

ስለ ብርድ፤ የበጋ ጎማ የሚባለው ሁሉ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ እየጠነከረ ይሄዳል፤ በሐምሌ ምድርን እንደ ንስር የጨበጠው ጎማ በጥር እንደ እንጨት ይንሸራተታል። ውኃ በሚረጋበት ብርድማ ጊዜ ጎማው እስከ መሰንጠቅ ሊደርስ ስለሚችል፣ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው እንዳይነዳበት ያስጠነቅቃሉ። ነጂው በጧት ተነሥቶ ሥራ ቦታው ለመድረስ ሲቸኵል ጎማው ገና አልሞቀም፤ ለእሽቅድምድም የቀረበ ጎማ ደግሞ መልካም ሆኖ የሚይዘው ከሞቀ በኋላ ነው።

ስለ ውኃ፤ በጎማው ላይ ያለው ጥርስ የተሠራው ለጌጥ ሳይሆን ውኃውን ጠርጎ ለማውጣት ነው። ለደረቅ መንገድ የታሰበ ጎማ ጥርሱ ጥቂትና ጥልቀቱም ያነሰ ነው። የኃይለኛ አውቶሞቢል ጎማም ሰፊ ስለ ሆነ፣ ውኃ በተኛበት መንገድ በፍጥነት ሲሄድ ምድሩን ለቆ በውኃው ላይ እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል። በዚያ ጊዜ መሪውም ፍሬኑም አይታዘዙም። በአውሮፓና በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ የጥርሱ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ጎማው መለወጥ አለበት። ጠንቃቃ ሰው ግን ለዝናብ ጊዜ እዚያ ወሰን እስኪደርስ አይጠብቅም።

ስለ እርጅና፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ የተሰወረው ጠላት ነው። ኅዳር 21 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ኖቬምበር 30 ቀን 2013፣ በሲኒማ የታወቀው አሜሪካዊ ተዋናይ ፖል ዎከር በካሊፎርኒያ በሳንታ ክላሪታ ከተማ ሞተ። የማዕበል አደጋ ለደረሰባቸው ለፊሊፒንስ ሰዎች እርዳታ ከሚሰበሰብበት ስፍራ ወጥቶ፣ ወዳጁ በሚነዳው ፖርሽ ካሬራ ጂ ቲ ተቀምጦ ነበር። ይህ አውቶሞቢል ከ600 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው፣ ሲንሸራተት የሚያቃናው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ግን የሌለው ነው። ሁለቱም በዚያው ሞቱ። መርማሪዎቹም አውቶሞቢሉ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በተወሰነበት መንገድ ላይ ከ130 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ እንደ ነበረ አስታወቁ። የመሣሪያ ብልሽት አላገኙም። ጎማዎቹ ግን ከዘጠኝ ዓመት በላይ ያረጁ ሆነው ስለ ተገኙ፣ እርጅናቸው አውቶሞቢሉ እንዳይታዘዝ ሳያደርግ እንዳልቀረ ገለጡ። ሟቹ የ40 ዓመት ሰው ነበረ፤ የ15 ዓመት ልጅ ትቶ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ፊተኛው፣ ማንም ጎማ ከልክ ያለፈውን ፍጥነት ሊያስተሰርይ አይችልም። ሁለተኛው፣ ጎማ በመነዳት ብቻ ሳይሆን በመቀመጥም ያረጃል። ኃይለኛ አውቶሞቢል ብዙ ጊዜ በጋራዥ ተሸፍኖ ይኖራልና፣ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጎማው በውስጡ ይደርቃል። ዕድሜውን ለማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። በጎማው ጎን ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ከሚጻፈው ምልክት የመጨረሻዎቹን አራት ቍጥሮች ማንበብ ነው። 2324 ቢል፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የሚሼሊን ፋብሪካ ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በዐዋቂ እንዲመረመር፣ ከተሠራ አሥር ዓመት የሆነው ደግሞ መልካም ቢመስል እንኳ እንዲለወጥ ይመክራል። አንዳንድ የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች ስድስት ዓመት ይበቃዋል ይላሉ። አሮጌ አውቶሞቢል የሚገዛም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ቍጥር ጎንበስ ብሎ ያንብብ፤ ሻጩ የሚናገረውን ከዚያ በኋላ ይስማ።

የጎማው ዓይነት ከታወቀ በኋላ የሚቀረው አገጣጠሙና አያያዙ ነው። አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነት ይሁኑ። በብዙ ኃይለኛ አውቶሞቢሎች የኋላው ጎማ ከፊተኛው ይሰፋል፤ መጠኑም ፋብሪካው ያዘዘው ይሁን። የፊቱ አዲስና አጥባቂ፣ የኋላው አሮጌ የሆነ እንደ ሆነ፣ በመታጠፊያ ጊዜ የኋላው ቀድሞ ይለቅና አውቶሞቢሉ እንደ እንዝርት ይዞራል። ነፋሱም ጎማው ሳይሞቅ በወር በወሩ ይለካ፤ ልኩ በነጂው በር ውስጥ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ለጎሚስታው «እንደ መሰለህ ሙላው» ብሎ መተው አይገባም።

እንግዲህ ለአባትየው የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። በቨርጂኒያ የክረምቱ ብርድ ከ7 ዲግሪ በታች እየወረደ ይሰነብታል። ልጅዎ በየቀኑ የሚነዳው ይህንኑ አውቶሞቢል ከሆነ፣ 200ና ከዚያ በታች የተባለውን ጎማ ለዘወትር አይግዙለት። ሁለት ዓይነት ጎማ ለመያዝ የሚችል ከሆነ፣ ለሞቃቱ ወራት 300 ገደማ የሆነውን የበጋ ጎማ፣ ለብርዱ ወራት የክረምት ጎማ ይያዝ። አንድ ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ለኃይለኛ አውቶሞቢል የተሠራውንና በሁሉ ወራት የሚያገለግለውን ይምረጥ። አጥባቂው ጎማ ያስደፍራል ወይ ላሉትም፣ አዎን፣ ያስደፍራል። በጎዳና ላይ የማይደረስበትን ወሰን ያሳያል፤ በመጨረሻ የለቀቀ ጊዜም ፍጥነቱ የበዛ ስለ ሆነ ለማቃናት ፋታ አይሰጥም። መፍጠን የሚወድ ወጣት ለእሽቅድምድም በተከለለ ሜዳ ይፍጠን፤ ለዚያም የተለየ ጎማ በሌላ ቸርኬ ላይ ገጥሞ ያኑር።

በአገራችንም እንዲህ ያለ አውቶሞቢል ያላችሁ፣ የአዲስ አበባን የክረምት ዝናብና የኅዳርን ሌሊት ብርድ አትርሱ። በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ዘመዶቻችሁንም፣ በበረሃ ሙቀት ነፋሱ የጐደለና ያረጀ ጎማ በፍጥነት ላይ ሳለ እንደሚፈነዳ አስታውሷቸው።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ጎማ በጥድፊያ፣ ወይም በወዳጅ ፉክክር፣ ወይም በስሙ ታላቅነት የሚገዛ ዕቃ አይደለም። በአውቶሞቢሉ ውስጥ ሚስት ትቀመጣለች፤ ልጆች ከኋላ ይተኛሉ፤ በመንገዱም ዳር የሰው ልጅ ይሄዳል። የቤቱ ጌታ የበሩን ቍልፍ ማታ ማታ እንደሚመለከት፣ እነዚያንም አራት መዳፎች ከጉዞው በፊት ይመልከት። የቤት እመቤትም ያየ እንደ ሆነ ትጠይቀው፤ ይህ ቤትን መጠበቅ ነውና።