ሒሳብ ሲያድር ይደፈርሳል

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አበው። የሕዝብ ሒሳብ ግን ጠባዩ ከዚህ ይለያል፤ ሲያድር ይደፈርሳል። ደረሰኙ ይጠፋል፤ ገንዘብ ያዡ ይዛወራል፤ አስረካቢና ተረካቢም በአንድ ቃል መነጋገር ያቅታቸዋል።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። መዋቅር በተለወጠ ቁጥር ከሰውና ከማኅተም ጋር መዝገብ፣ መጋዘን፣ ተሰብሳቢና ተከፋይ ሒሳብም እንደሚተላለፍ የተሰወረ አይደለም። ልምድ ያለው ኦዲተር ይበልጥ የሚያስፈልገውም እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

እንዲህ ያለው ባለሙያ ድምር በማረጋገጥ ብቻ አይወሰንም። ሞዴል 19ን ይዞ ወደ መጋዘን ይወርዳል፤ ገባ የተባለው ዕቃ በእርግጥ መግባቱን፣ በሞዴል 22 የወጣውም ለታለመለት ሥራ መዋሉን ይመረምራል። የደረሰኞችን ተራ ቁጥር ይከተላል፤ የካዝናውን ጥሬ ገንዘብ ሳይታሰብ ያስቆጥራል። ሦስት ነጋዴዎች አቀረቡት የተባለው ፕሮፎርማ በአንድ እጅ ጽሑፍ ተሞልቶ ሲያገኘው፣ ሰነዱ ተሟልቷል ብሎ አያልፈውም።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 101 ዋናው ኦዲተር ሪፖርቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያቀርብ መደንገጉ ያለ ምክንያት አይደለም። የኦሮሚያ ክልል ጠቅላይ ኦዲተርም ተጠሪነቱ ለጨፌው ነው። መርማሪ ለተመርማሪ ተገዢ ከሆነ ምርመራው ከንቱ ነውና።

ይህ ሲባል ግን ኦዲተር የወንጀል ከሳሽ ነው ማለት አይደለም። ጉድለት ሁሉ ስርቆት አይደለም፤ ከአያያዝ ጉድለት የሚመጣም አለ። በአግባቡ የተከናወነ ምርመራ ንጹሑን ንብረት ጠባቂ ከሐሜት ያድናል፤ መዝባሪውንም ከንጹሐን መካከል ይለያል። ምርመራን መፍራት ያለበት መዝባሪው እንጂ ታማኙ ሠራተኛ አይደለም።

ይሁንና ሪፖርት በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አንዲት ሣንቲም አያስመልስም። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት የቀረቡ ሪፖርቶች ያልተወራረደ ሒሳብን በየዓመቱ ደጋግመው ማንሣታቸው የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ግኝቱን እርምጃ ካልተከተለው የኦዲተሩ ድካም ወረቀት ማብዛት ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ የዕድር፣ የሸማቾች ማኅበርና የሠራተኞች ቁጠባ አባላት ሁሉ፣ በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ሦስት ጥያቄዎች እናንሣ። ሒሳቡ ተመርምሯልን? ምን ጉድለት ተገኘ? ማንስ እስከ መቼ ያርመው? የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የባለንብረቱ ዓይን ግን ሊዘጋ አይገባም።