ፎርቹን በአማርኛ ቢሆን ኖሮ

ባለፈው ቅዳሜ ሾላ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ አንድ የድሮ ተማሪዬን አገኘሁት። ሰላምታ ሳንጨርስ «ቲቸር፣ የባንክ አክሲዮን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ትርፉ ጨምሯል እያሉ ነው» አለኝ። «ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰውስ ጨምሯል?» ስለው ዝም አለ።

ይህችን ጥያቄ የተማርኩት ከአዲስ ፎርቹን ነው። ታምራት ገብረጊዮርጊስ ይህን ሳምንታዊ የቢዝነስ ጋዜጣ የመሠረተው በ1992 ዓ.ም ነው። ከ1985ቱ የፕሬስ ሕግ በኋላ የመጡት የግል ጋዜጦች አብዛኞቹ ፖለቲካ ላይ ነበር ያተኮሩት። ካፒታል ትንሽ ቀደም ብሎ ቢጀምርም መስኩ ገና ባዶ ነበር። ታምራት ጨረታን፣ የገበያ ዋጋን፣ የባንክን ሒሳብ የፊት ገጽ ዜና አደረገ። አንድ ባንክ «አተረፍኩ» ሲል ፎርቹን የሒሳብ ሪፖርቱን ገልጦ ወጪው ስንት እንዳደገ፣ ለአንድ አክሲዮን ስንት እንደደረሰ ይጽፋል። ትርፉ በ20 በመቶ አድጎ የአክሲዮኑ ብዛት በ40 በመቶ ከጨመረ የእያንዳንዱ ድርሻ ቀንሷል ማለት ነዋ! ይህን ሥራ ከ1,000 እትም በላይ ማስኬድ ቀልድ አይደለም።

አንድ ቅር የሚለኝ ነገር ግን አለ። ጋዜጣው እንግሊዝኛ ነው። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ ወደ ፈረንሳይ የምትወርደው እናት የዋጋ ንረቱን ከማናችንም በላይ ታውቀዋለች፤ ምክንያቱን በቋንቋዋ የሚያስረዳት ግን ጥቂት ነው። እንደ ሪፖርተር ያሉ የአማርኛ ጋዜጦች የቢዝነስ ገጽ እንዳላቸው አልክድም። እኔ የምለው ከፊት እስከ ኋላ ስለ ኢኮኖሚ የሚያወራ፣ ሒሳብ የሚመረምር የአማርኛ ጋዜጣ ነው።

አሁን ደግሞ ጊዜው አስገዳጅ ሆኗል። በ2017 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር፣ ለሕዝብ አቀረበ። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ። አክሲዮኑ ያልተሸጠው ብር ስላጠረን ብቻ ነው? ያልገባንን ነገር መፍራታችንም ያለበት ይመስለኛል። ሌላው ደግሞ ሳይገባው ይገዛል፤ ያ ይብሳል።

ለእኔ የታምራት ውርስ «አተረፍን» ሲባል «እስቲ ሒሳቡን አሳዩን» ማለት ነው። የድሮ ተማሪዎቼ፣ ጋዜጠኝነትና አካውንቲንግ የጨረሳችሁ ብዙ አላችሁ። ተሰባሰቡና ይህን በአማርኛ ጀምሩት፣ በቴሌግራምም ቢሆን። የሾላውን ልጅ «ሪፖርቱን አምጣና አብረን እናንብበው» ብዬዋለሁ። ግን እኔ ስንቱን አነብለታለሁ?