ሰርተፊኬቱ ደረሰ፤ ኔትወርኩስ?

መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ በሐምሌ 2016 የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ሲያስጀምር ጥሪው ለነቀምትና ለጊምቢ ወጣትም ነበር። ሥልጠናው በነጻ ነው፣ በኦንላይን ነው፣ ለጨረሰ ሰርተፊኬት አለው። እሰየው! ጥያቄው ከሰርተፊኬቱ በኋላ ያለው ነው።

ዌብሳይት የሚሠራ ሰው እንጀራው ቀጠሮ ማክበር ነው። ደንበኛው አዲስ አበባም ይሁን ናይሮቢ ፊቱን አያየውም፤ የሚያውቀው «ሐሙስ ይደርሳል» የተባለው ሐሙስ መድረሱን ብቻ ነው። ኮዱ ደግሞ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የመረጃ አደረጃጀት ነው፦ ሰው ገጹን የሚከፍተው ምን ፈልጎ ነው? የቱ ይቅደም? የቱ በየትኛው ሥር ይግባ? በምን ስም ይጠራ? ይህ የሚሠራው ደንበኛን እየጠየቁ፣ ረቂቅ እያሳዩ፣ እንደገና እያፈረሱ ነው። (ለአንድ ማስረጃ አምስት መስኮት የዞረ የወለጋ ሰው የተበላሸ አደረጃጀት ምን እንደሆነ አስተማሪ አያስፈልገውም።) በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የሚያስብ ልጅ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው።

ግን 2012 አይረሳም። ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተዘጋ። በምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ፣ ስልክና አጭር መልእክት የተረፈው ለዋና ዋና ከተሞች ነበር። የተከፈተው በመጋቢት፣ ኮሮና አገር ከገባ በኋላ ነው። ሰኔ 23 ደግሞ፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ የመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ጠፋ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025»ን ያጸደቀውም በዚያው ዓመት ነው!

«የጸጥታ ጉዳይ ነው» ይባላል። በአካባቢው ግጭት ነበር፣ ሰው ሞቷል፤ የሚክድ የለም። ነገር ግን በግጭት ሱቁን የዘጋ ነጋዴ ሲከፍት ደንበኛው ጎረቤቱ ነው፤ የሆነውን አብሮት አይቷል። የዌብ ዲዛይነሩ ደንበኛ ምንም አላየም። መልእክት ልኮ መልስ ያጣል፣ በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው ይፈልጋል፣ የነቀምቱን ልጅ ደግሞ «ሥራ ይዞ የጠፋ» ብሎ ይመዘግበዋል። ሁለት ዓመት የለፋበት ስም በሳምንት ያልቃል፤ ኔትወርኩ ሲመለስ ስሙ አብሮ አይመለስም።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የኮምፒውተር ሥርዓትን ሥራ ያቋረጠን ያስቀጣል። የዞንን ሙሉ ኔትወርክ የሚያቋርጥ ባለሥልጣንስ? ቢያንስ ትእዛዙ ከፍርድ ቤት ይውጣ፣ በጽሑፍ ይሁን፣ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት፤ ሥራ ላጣውም ካሳ ይታሰብ። ሠልጣኝ ከመቁጠር በፊት ይህ ይቅደም።

እስከዚያው ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ቢገባ፣ «ለምን አገርህ ላይ አትሠራም?» የሚል ባለሥልጣን አይኑር።