ወርቁ ከእጅ አልፎ ልብ አይግባ

የቤኒሻንጉል ምድር የወርቅ ምድር ነው። የአሶሳው ሸህ ሆጀሌ አል-ሐሰን ለአጼ ምኒልክ የሚገብሩት ወርቅ ነበር። ዛሬም በመንጌና በኩርሙክ ወጣቶቻችን ጉድጓድ ምሰው፣ አፈሩን በውሃ አጥበው ወርቅ ያወጣሉ። ሐላል ልፋት ነው፤ አንነቅፈውም።

አደጋው «ይህችን ብቻ ልጨርስ» እያልን ዙህር ከዐስር ሲገናኝብን፣ የቀኑ ገቢ ማታውኑ በመጠጥ ሲያልቅ፣ 85 ግራም ሞልቶ ዓመት የዞረበት ወርቅ ከ40 አንድ እጁ ለዘካ ሳይወጣ ሲቀር ነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአደም ልጅ አንድ ሸለቆ ወርቅ ቢኖረው ሁለተኛውን እንደሚመኝ፣ አፉንም ከአፈር በቀር የሚሞላው እንደሌለ አስተምረውናል። ሁላችንም ወርቅ ወደማይወጣበት ጉድጓድ ወራጆች ነን። ወርቃችንን በሚዛን እንደምንመዝን ሰላታችንንም ዛሬ እንመዝን። አላህ ዱንያን በእጃችን እንጂ በልባችን አያድርግብን። አሚን።