ጠመንጃውን ማን ያጣራው?

እስቲ እንጠይቅ። አባያ ዳር ከብት የሚያረባ ሰው ጠመንጃውን ለጎረቤቱ ሲሸጥ "መጀመሪያ ገዢውን ፖሊስ ጣቢያ ወስደህ አስመርምር" ብንለው ይሄዳል? ጨዋው ይሄድ ይሆናል። ሌባው ግን የኮንትሮባንድ ክላሹን በጨለማ ይሸጣል፤ መዝገቡም የጨዋዎች ስም ዝርዝር ሆኖ ይቀራል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሸጥንም መግዛትንም ከልክሏል። ወረቀት ላይ ያምራል (በተለይ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ለሚያነበው!)። እኛ ግን እንቃወማለን፤ ጠመንጃ ስለምንወድ አይደለም። የዚህ አገር ሰው መንግሥት መሣሪያ መቁጠር ሲጀምር ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ነው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ አዲስ አበባን ቤት ለቤት ሲያስስ መሣሪያ ፍለጋ ነው አለ፤ የወሰደው ግን ሰውም ጭምር ነበር። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች ሲፈርሱ የአማራ ክልል ገበሬ "ቀጥሎ የእኔ ጠመንጃ ነው" ብሎ ጠረጠረ። በዚያው ክረምት የሆነውን ሁላችንም አይተናል።

"ታዲያ ገዢውን ማን ያጣራው?" ትሉን ይሆናል። ጋሞ ውስጥ የሰውን ጠባይ ከፖሊስ መዝገብ ቀድመው የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከቡራዩው ግድያ በኋላ ለበቀል የወጣውን የአርባ ምንጭ ወጣት ተንበርክከው የመለሱት እነሱ ናቸው፤ ያውም በእጃቸው ከእርጥብ ሣር በቀር ምንም ሳይዙ። ሽያጩ ዱቡሻ ላይ በእነሱ ፊት ይሁን። ሽማግሌም ለወገኑ ሊያዳላ ይችላል፣ አንክድም። ግን ያዳላ ሽማግሌ በማግስቱ ገበያ ላይ ያፍራል፤ የመዝገብ ቤቱ ሹም ማን ፊት ያፍራል?

ፖሊስ ደግሞ የኮንትሮባንዱን መንገድ ይጠብቅልን።