ያልተደረሰ ለቅሶ

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ይዤ ከሳሪስ በባቡር ወጣሁ። ስታዲየም ወርደን ወደ መስቀል አደባባይ ስናዘግም ነጠላዋን አዘቅዝቃ መልበሷን አየሁ። «እማዬ፣ ሙዚየም እኮ ነው የምንሄደው» አልኳት። «እኔ ለቅሶ ነው የምሄደው» አለችኝ።

በ1969 ዓ.ም. የ19 ዓመት ሙሽራ ነበረች። የጎረቤቷን ልጅ ሌሊት ከቤቱ ወሰዱት፤ ጠዋት ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት መንገድ ዳር ተገኘ። የሟች እናት ማልቀስ አልተፈቀደላትም። ድምፅዋን ለመደበቅ ቀኑን ሙሉ ሙቀጫ ስትወቅጥ ዋለች። እናቴ ከግድግዳው ወዲህ ሆና ውቀጣውን ስትሰማ ዋለች እንጂ ደጇን አልረገጠችም፤ ፈርታ። ይህን እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ነግራኝ አታውቅም።

የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው። መታሰቢያውን ከገለጡት መካከል በአንድ ቀን አራት ልጆቻቸውን የተነጠቁት ወይዘሮ ከበቡሽ አድማሱ ይገኙበታል። ከፊቱ ያለው አደባባይ፣ ያኔ አብዮት አደባባይ፣ የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሚያዝያ 1969 ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች የከሰከሰበት ነው። በዚያው ወር በቦነስ አይረስ ልጆቻቸው የታፈኑባቸው እናቶች በፕላዛ ዴ ማዮ ተሰብስበው «ልጆቻችን የት አሉ?» ማለት ጀመሩ። የእኛዎቹ እናቶች የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ይጠየቁ ነበር። ደርግ ወድቆ የጅምላ መቃብሮቹ ሲከፈቱ፣ አጥንት ለይተው ለማውጣት ከረዱን መካከል አርጀንቲናውያን ባለሙያዎች ነበሩ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ውስጥ፣ በመስታወት ሣጥን የራስ ቅል አለ፤ ከጉድጓድ የወጣ ልብስ አለ። ግድግዳው በጉርድ ፎቶ ተሞልቷል፤ አብዛኛው ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው። እናቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። የጎረቤቷን ልጅ አላገኘችውም። ያስጎበኘን ሰው ራሱ በዚያ ዘመን ታስሮ የተረፈ ነው፤ ፍለጋዋ ገብቶት አላጣደፋትም። ስትጨርስ ወደ እሱ ዞራ «እግዜር ያጥናችሁ» አለችው። «አሜን እናቴ፣ ክፉ አይንካዎት» ብሎ ጎንበስ አለ።

ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1999 መንግሥቱን በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ብሎታል። ትልቅ ነገር ነው። ለቅሶ የሚደርሰው ግን ዳኛ ሳይሆን ጎረቤት ነው፤ ያ ደግሞ ገና አልተደረሰም። በሃያ ደቂቃ ዞሮ፣ በር ላይ ፎቶ ተነሥቶ መውጣት ለቅሶ መድረስ አይደለም። ስለዚህ የሳሪስን፣ የጎፋንና የላፍቶን እድሮች እለምናለሁ፤ በዓመት አንድ ቀን እንደ ማንኛውም ሐዘን ጥሩምባ አስነፉና አባሎቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሽማግሌዎቹ ልጆች እየሰሙ የየሰፈሩን ሟች በስም ይጥሩ።

በመልሳችን ባቡሩ ተጨናንቆ ነበር። አንድ ወጣት ተነሥቶ አስቀመጣት። ጎተራን አልፈን ስንሄድ ጣቷን ስትቆጥር አየኋትና ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ሰልስቱ ሰኞ ይውላል» አለችኝ።