ሲኤስኤስ ይሉኝታ ያውቃል

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆንኩ አራት ዓመቴ ነው። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ወጣት አባል እጁን አውጥቶ «መተዳደሪያ ደንቡ ኢንተርኔት ላይ የማይወጣው ለምንድን ነው? ፎቶ ኮፒ ስንለምን ልንኖር ነው?» አለ። ቤቱ አጨበጨበ። ዳኛው ወደ እኔ ዞር አሉ። እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «እኔው እሠራዋለሁ» ብዬ ቁጭ አልኩ።

ከፍሎ ማሠራት ይቻል ነበር። ዘንድሮማ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን «ሥራልኝ» ካሉት ሻይ ሳይፈላ ገጹን ያቀርባል። ግን ቃሌ ቃል ነው፤ ደግሞ የእህቴ ልጅ አለች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ተምራ የምስክር ወረቀቷን ሳሎን ግድግዳ ላይ የሰቀለች ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ኤችቲኤምኤል እኮ ፊደል እንደ መቁጠር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ላስጠናዎት» አለችኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አንድም ኮድ ሳንጽፍ አለቀ። ደንቡ የተተየበው ድሮ፣ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ እኛ ዘንድ ሳይለመድ በነበረ የአማርኛ መጻፊያ ነው። ከፋይሉ ቀድቼ ስለጥፈው አንቀጽ አንድ የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክትና ቅንፍ ተደባልቆ ወጣ። ያኔ እያንዳንዱ መጻፊያ የእኛን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ እንደየፈቃዱ ይጭነው ነበርና ያ ፎንት የሌለው ሰው ጽሑፉም የለውም። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን መቀመጫ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። 32ቱንም አንቀጽ እንደ አዲስ ተየብኩ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ገጹ አናት ላይ መግባት ያለባትን፣ ጽሑፉ የዩኒኮድን ፊደል በባይት በሚጽፈው ዩቲኤፍ 8 መቀመጡን የምትናገረውን መስመር ረሳኋት። ብራውዘሩ በግምት ገባበት። «ሰላም» ብዬ የጻፍኩት እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ሆኖ ተበታተነ፤ በየሦስቱ መጀመሪያ ላይ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ ተገትራለች። ልጅቱ ሳቀች። «አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ነው የሚይዘው። ብራውዘሩ እያንዳንዷ ባይት ራሷን የቻለች ፊደል መስላው ነው።»

በእንግሊዝኛ ጀምሬ ቢሆን ያቺን መስመር ብረሳትም ምንም አልሆንም ነበር፤ የእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ባይት ስለሚያልቅ ጉድለቱ ይሸፈናል። ለዚህ ነው ጀማሪ ሁሉ የመጀመሪያ ገጹን በአማርኛ ይሥራ የምለው። የማስተማሪያ ቪዲዮዎቹ «ሄሎ ወርልድ» አስብለው ያሳልፉሃል፤ ሁሉም ነገር ይሠራል፣ ለምን እንደሠራ ግን አታውቅም። አማርኛ ያደናቅፍሃል፤ ስትነሳ ድንጋዩን አይተኸዋል።

ኤችቲኤምኤል በቶሎ ገባኝ። ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ዝርዝር ነው እያሉ ለየነገሩ ስም መስጠት ነው። ልብስ የሚያለብሰው፣ እኔንም ያንገላታኝ ሲኤስኤስ ነው። ኖርዌያዊው ሆኮን ቪዩም ሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ሐሳቡን ያቀረበው፣ በ1996 የጸደቀው፣ ቀለምን፣ መጠንንና ክፍተትን የሚያዝ ቋንቋ ነው።

ለርእሱ ቀለም ልስጥ ብዬ ጻፍኩ። ርእሱ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ጥቁር። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ጥቁር። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዲት መስመር ላይ አፍጥጬ ዋልኩ። ከመማሪያው ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁት፤ ልዩነት የለም። ልጅቱ ቡናዋን እንደያዘች ከትከሻዬ በላይ አየችና «ጋሼ፣ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነበር አይደል?» አለች።

ነበር። «ከለር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያስቀመጥኩት ኮለን መስሎኝ የራሳችን ሁለት ነጥብ ኖሯል። መጨረሻው ላይም ሴሚኮለን ሳይሆን ድርብ ሰረዝ። ለእንደኔ ዓይን መንትዮች ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ዝምድና እንኳ የላቸውም።

የተናደድኩት በስህተቱ አይደለም፣ በዝምታው ነው። ሌሎቹ የኮድ ቋንቋዎች ስታጠፋ ይጮኹብሃል አሉ፤ መስመር ቁጥር ጠርተው ያዋርዳሉ። ሲኤስኤስ ግን ያልገባውን መስመር በጨዋ ደንብ ዘሎት ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሱሪህ ከኋላ ተተርትሮ እያየ «ደህና ዋልክ?» ብሎ እንደሚያልፍህ ጎረቤት ማለት ነው። ይሉኝታው ሆን ተብሎ የተሰጠው መሆኑን በኋላ ተማርኩ፤ አሮጌ ብራውዘር የማያውቀው አዲስ ትእዛዝ ሲመጣበት ገጹን ሳያፈርስ እንዲያልፈው ነው። ምክንያቱ ጥሩ ነው። ሁለት ሰዓቴን ግን አልመለሰልኝም።

ከዚያ ወደ ሳጥኑ መጣን። በሲኤስኤስ ዓለም ገጽ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሳጥን ነው። እኔ በሰፈር አስቤ ነው የገባኝ። ጽሑፉ ቤቱ ነው። ፓዲንግ ከቤቱ እስከ አጥሩ ያለው ግቢ፣ ቦርደር አጥሩ፣ ማርጂን ከአጥሩ ውጭ ያለው መተላለፊያ። ጀርባውን ቢጫ ካልከው ግቢህ ቢጫ ይሆናል፤ መተላለፊያው አይነካም፣ ያንተ አይደለማ። እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ለላይኛው አንቀጽ ከታቹ 30 ፒክስል፣ ለታችኛው ከላዩ 20 ፒክስል ማርጂን ሰጠሁ። 50 ጠበቅኩ፤ 30 ሆነ። ትልቁ ትንሹን ውጦታል። በአስተዳደር በደል መልክ ለልጅቱ አቤት አልኩ። ኋላ ሳስበው ግን እኔ «ከአጥሬ ሦስት ሜትር ራቁ» ብል፣ ጎረቤቴም «ከእኔ ሁለት ሜትር» ቢል፣ በመሃላችን ሦስት ሜትር ከተገኘ ማናችንም አልተበደልንም።

አንቀጾቹን አንድ በአንድ በግዕዝ ቁጥር ስቆጥር አይታ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ «ኢትዮፒክ ኒውመሪክ» የምትል አንዲት ትእዛዝ አስገባችልኝ። ከ፩ እስከ ፴፪ ራሱ ቆጠረው። ተነስቼ ላቅፋት ምንም አልቀረኝ።

ሌላው የተማርኩት ነገር ቅር የሚያሰኝ ነው። ብዙ የአማርኛ ገጽ ለምን እንደሚያደክም ገባኝ፤ ለላቲን የተሰፋ ልብስ ስለለበሰ ነው። የላቲን ትንንሽ ፊደሎች አብዛኞቹ አጫጭር ስለሆኑ አናታቸው ላይ አየር አለ። የእኛዎቹ ትልቅና ትንሽ የላቸውም፤ አብዛኞቹ ሙሉ ቁመታቸውን ይዘው ይቆማሉና መስመሩ ይጨናነቃል። የመስመሩን ቁመት 1.8 ሳደርገው ገጹ ተነፈሰ። ቃልን ለማጉላት ማዝመምም የእኛ ጠባይ አይደለም፤ የዘመመ «ጨ» ነፋስ የገፋው አጥር ይመስላል። የብራና ጸሐፊዎቻችን የአምላክን፣ የቅዱሳንን ስም ለመለየት ፊደል አላዘመሙም፣ ቀይ ቀለም አነሱ እንጂ። ሕዳግ ይተዋሉ፣ ገጹን በዓምድ ይከፍላሉ፤ ይህ እርስዎ የሚያነቡት «ዓምድ» ስሙን ከየት እንዳመጣው ልብ ይሏል። እኔም የማዝመሚያውን ትእዛዝ ሽሬ ለማጉያው ደማቅ ቀይ ሰጠሁት። የእድሩ ቅጣትና መዋጮ አሁን በቀይ ነው የሚነበበው።

የርእሱ ቀለም ብቻ ቀረ። ሲኤስኤስ በስም የሚጠራቸው መቶ አርባ ያህል ቀለሞች አሉት። ዝርዝሩን ስናይ ልጅቱ አንድ ሐምራዊ ላይ ቆመች፤ «ሬቤካ ፐርፕል»። ታሪኩን ነገረችኝ። ኤሪክ ሜየር የሚባል አሜሪካዊ አለ፣ በመጽሐፎቹ ሲኤስኤስን ለብዙ ሰው ያስተማረ። እ.ኤ.አ. በ2014 ልጁ ሬቤካ በአንጎል ካንሰር ሞተች። ሐምራዊ ትወድ ነበር። የሙያ ባልደረቦቹ በስሟ ቀለም ይሰየም አሉ፣ «ቤካ» ሊሉት። አባትየው ግን ስድስት ዓመት ሲሞላት «ቤካ» የሕፃን ስም ነውና ሬቤካ በሉኝ ማለቷን አስታውሶ ሙሉ ስሟ ይሁን አለ። ሆነም። ዛሬ በየብራውዘሩ ውስጥ አለ።

ገጹን ለዳኛው በስልኬ አሳየኋቸው። «ሐምራዊ ለምን ሆነ?» አሉ። ነገርኳቸው።

«ስንት ዓመቷ ነበር አልክ?»

«ስድስት። በስድስተኛ የልደቷ ቀን ነው ያረፈችው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ቀለሙ ይቆይ። ፊደሉን ግን አጉላው፤ አንቀጽ ፲፬ን ማንበብ አቅቶኛል።»